«ረዘም ያለ» ስለሚባለው ቃል ትርጓሜና አገባብ

ለገበያ ሚዛንና መስፈሪያ እንደሚያስፈልገው ሁሉ ለመንግሥት ሥራና ለፍርድም ልኩ የታወቀ ቃል ያስፈልገዋል። ሚዛኑ የተዛባ ነጋዴ ወዳጁንም ባዕዱንም ሳይለይ እንደሚጐዳ፤ የቃሉን ልክ ሳይመረምር የሚጽፍ ሰውም ማንን እንደሚጐዳ ሳያስበው ብዙ ሰው ይጐዳል። የእህል መስፈሪያ ቢጐድል ባለቤቱ ወዲያው ያየዋል። የቃል መስፈሪያ ሲጐድል ግን ጉድለቱ የሚታወቀው ወረቀቱ ከተፈረመ፣ ማኅተሙ ካረፈበትና ባለጒዳዩ ወደ ቤቱ ከተመለሰ በኋላ ነው። ስለዚህ ዘወትር በአፍና በብዕር ከሚመላለሱት ቃላት አንዱን ወስዶ ትርጓሜውንና አገባቡን መመርመር የሚጠቅመው የሰዋስው ተማሪን ብቻ አይደለም፤ ሹሙንም፣ ጸሐፊውንም፣ ዳኛውንም፣ ካህኑንም ነው።

ይኸውም ቃል «ረዘም ያለ» የሚለው ነው። ቃሉ ትንሽ ነው፤ ትርጓሜውን የማያውቅ አማርኛ ተናጋሪም አይገኝም። ነገር ግን «ረዘም ያለ ማለት ስንት ነው?» ተብሎ ቢጠየቅ አንዱ ሁለት ክንድ፣ ሌላው አሥር ክንድ ይላል፤ ስለ ጊዜ የተነገረ እንደ ሆነም አንዱ ሳምንት፣ ሌላው ዓመት ይለዋል። ሁሉ የሚያውቀው ቃል ሆኖ ሳለ ልኩን ሁለት ሰው አንድ አድርጎ የማይናገረው ስለ ምን ነው? ይህን ለመረዳት አስቀድሞ የቃሉን አፈጣጠር ማየት ይገባል።

ግእዝ ረጅሙን ነገር «ነዊኅ» ይለዋል። አማርኛ ግን ግሱን «ረዘመ» ብሎ፤ ከዚሁ ግስ ዘ ፊደልን ወደ ጀ ወይም ወደ ዠ መልሶ «ረጅም» ወይም «ረዥም» የሚለውን ቅጽል አወጣ። «መለሎ»፣ «ሎጋ»፣ «ለግላጋ» የሚባሉት ደግሞ ከርዝመት ጋራ ምስጋና የተጨመረባቸው፤ ለሰው ቁመናና ለመልካም ተክል የሚነገሩ ናቸው። «ረዘም ያለ» ከነዚህ ሁሉ የሚለየው «አለ» ከሚለው ግስ ጋራ ተጣምሮ በመነገሩ ነው። አማርኛ ከአንድ ግስ ሥር «አለ»ን ወይም «አደረገ»ን እያስከተለ ሁለት ዓይነት ቃል ያወጣል፤ አንዱ ነገሩን የሚያሳንስ፣ ሁለተኛው ነገሩን የሚያጸና ነው። አባት ልጁን «በሩን ከፈት አድርገው» ቢለው ልጁ ነፋስ በሚያስገባ ልክ ጥቂት ይከፍተዋል፤ «ክፍት አድርገው» ቢለው ግን ወለል አድርጎ ይከፍተዋል። እንደዚሁም «ቀላ ያለ» እና «ቅልት ያለ»፣ «ነጣ ያለ» እና «ንጥት ያለ» እጅግ የተራራቁ ናቸው። «ረዘም ያለ» ከሚያሳንሱት ወገን ነው፤ ጓደኞቹም «አጠር ያለ»፣ «ወፈር ያለ»፣ «ሰፋ ያለ»፣ «ጠቆር ያለ»፣ «ከበድ ያለ» የሚሉት ናቸው። ሁሉም ነገሩን ከሙሉ ስሙ ጥቂት ዝቅ አድርገው ይጠሩታል።

ይህ የአማርኛ ብቻ ጠባይ አይደለም። እንግሊዞች ረጅሙን «ሎንግ» ብለው በመጨረሻው «ኢሽ» የምትል ቅጥያ ሲጨምሩበት «ሎንጊሽ» ይሆናል፤ ትርጓሜውም በትክክል «ረዘም ያለ» ማለት ነው። ይህችው ቅጥያ በቀለሙም፣ በዕድሜውም፣ በሰዓቱም ላይ እየገባች ነገሩን ታለዝበዋለች። እነርሱ ግን ይህን ቃል በጨዋታና በወዳጅ ደብዳቤ ይናገሩታል እንጂ በውልና በሕግ መጽሐፍ አያገቡትም። በአገርና በዘር የተራራቁ ሁለት ቋንቋዎች አንድ ዓይነት ቃል ማበጀታቸው የሚያስደንቅ አይደለም። ሰው የሚያውቀውን ሁሉ ለክቶ አያውቅም፤ ለግማሽ ዕውቀትም ቃል ያስፈልገዋል። የሚያሳዝነው ሙሉ ዕውቀት ባለበት ስፍራ የግማሹን ዕውቀት ቃል መጻፍ ነው።

«ረዘም ያለ» በንግግር ውስጥ ሲገባ ሦስት መንገድ አለው። አንደኛው የማሳነስ መንገድ ነው። «ልጁ ረዘም ያለ ነው» ሲባል ረጅም ለመባል ያልደረሰ፤ አጭር ቢባልም የማይገባው ማለት ነው። ይህ የቃሉ ተፈጥሮአዊ ትርጓሜ ነው። ሁለተኛው የማነጻጸር መንገድ ነው። ሁለት ገመድ ተቀምጦ «ረዘም ያለውን አምጣልኝ» ቢባል፤ ሁለቱም አጫጭሮች ቢሆኑ እንኳ የሚመጣው ከጓደኛው የሚበልጠው ነው። ሦስተኛው የማለዘብ መንገድ ነው። «የዛሬው ንግግር ረዘም ያለ ነበር» የሚል ሰው በእውነቱ ንግግሩ ከልክ አልፎ ሰሚው እንደ ተሰላቸ ያውቃል፤ ተናጋሪውን ላለማሳፈር ግን ቃሉን ያለዝባል። «ረዘም ላለ ጊዜ ታሞ ዐረፈ» ሲባልም ብዙ ዓመት በአልጋ ላይ የቆየ ሰው ሊሆን ይችላል።

እንግዲህ አንዱ ቃል ከረጅም የሚያንሰውንም፣ ከጓደኛው የሚበልጠውንም፣ እጅግ የረዘመውንም ይናገራል ማለት ነው። ሰሚው ከሦስቱ የቱ እንደ ሆነ የሚለየው በምንድር ነው? በፊቱ ባለው ነገር፣ በተናጋሪው እጅ፣ በድምፁና በፊቱ ገጽ ነው። ቃሉን የሚለካው በአጠገቡ ያለው ነገር ነው። ነገሩ ከአጠገቡ ሲርቅ ቃሉ ብቻውን ይቀራል፤ ብቻውን የቀረው ቃልም ልክ የለውም።

ይህን በአንድ አገር ምሳሌ ለማየት እንጅባራን መመልከት ይበቃል። እንጅባራ የአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ዋና ከተማ ናት፤ ቀድሞ ኮሶበር በሚባለው ስም ትታወቅ ነበር። ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጐዳና ላይ ስለ ተቀመጠች፣ ወደ ቻግኒና ወደ መተከል የሚወርደውም መንገድ ከዚያው ስለሚነሣ፤ ገበሬውም፣ ነጋዴውም፣ ባለጒዳዩም በየዕለቱ ይገናኙባታል። አገሩ ደጋ ነው፤ ገብስና ድንች ይበቅልበታል። ከሁሉ ይልቅ የሚታወቀው ግን በቀርከሃው ነው፤ ቤቱና አጥሩ፣ ወንበሩና አልጋው፣ ቅርጫቱም ሳይቀር ከቀርከሃ ይሠራል።

በዚህ አገር ገበያ «ረዘም ያለ» የሚለው ቃል ምንም ነውር የለበትም። ገዥ ከተደገፉት የቀርከሃ ዘንጎች ፊት ቆሞ «ረዘም ያለውን ስጠኝ» ሲል ሻጩ እጁን ይዘረጋል፤ ገዥው ዘንጉን አቁሞ በቁመቱ ይለካዋል፤ ካልወደደው ሌላ ይመርጣል። ክርክርም የለም፤ ልኩ ዘንጉ ራሱ ነውና። በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በጊዮርጊስ በዓል የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በእንጅባራ በሚሰበሰብበት ጊዜም እንዲሁ ነው። ማኅበሩ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተ፤ በዐድዋ የዘመቱትን አርበኞችና ፈረሶቻቸውን የሚያስብ ነው። በዚያ ሜዳ ላይ አንዱ ፈረሰኛ ለጓደኛው «ያ ጋማው ረዘም ያለው ፈረስ የማን ነው?» ብሎ ቢጠይቀው ጋማውን በክንድ ለመለካት የሚሄድ የለም። ፈረሱ በፊታቸው ነው፤ ቃሉም የተነገረው ከሌላው ፈረስ ለመለየት ነው። በገበያና በሜዳ፣ በቤትና በማዕድ ቃሉ በስፍራው ነው።

አሁን ግን ያው የቀርከሃ ነጋዴ ከእንጅባራ ሳይንቀሳቀስ፣ ወደ 120 ኪሎ ሜትር ርቆ በባሕር ዳር ካለ ሰው ጋራ በወረቀት ተዋዋለ እንበል። በወረቀቱም «200 ረዘም ያለ ቀርከሃ» ተብሎ ተጻፈ። ሻጩ በልቡ ያሰበው ከአጫጭሮቹ የሚበልጠውን ነው፤ ገዥው በልቡ ያሰበው ቤት ለመጣል የሚበቃውን ነው። ጭነቱ ሲደርስ ገዥው «ይህ ረዘም ያለ አይደለም» ይላል፤ ሻጩም «ከዚህ የሚያጥር በቤቴ አለ፤ ስለዚህ ይህ ረዘም ያለ ነው» ይላል። ሁለቱም አልዋሹም። አንዱ በመጀመሪያው፣ ሌላው በሁለተኛው ትርጓሜ ተናገሩ። በወረቀቱ ላይ «5 ሜትር» ተብሎ ተጽፎ ቢሆን ኖሮ ወዳጅነታቸው ባልፈረሰ፣ የዳኛውም ጊዜ ባልጠፋ ነበር። ስለዚህም ነው በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቊጥር 1714 የተዋዋዮቹ ግዴታ በበቂ እርግጠኝነት ሊታወቅ ያልተቻለ እንደ ሆነ ውሉ እንደማይጸና የወሰነው።

የንግድ ጉዳት በገንዘብ ይተካል። በመንግሥት ጽሕፈት ቤት ደጅ የሚደርሰው ጉዳት ግን በገንዘብ ብቻ የሚተካ አይደለም። አንድ ሽማግሌ ገበሬ ስለ መሬቱ ድንበር አቤቱታ ይዞ ከገጠር ወደ እንጅባራ መጣ እንበል። ጸሐፊው መዝገቡን አገላብጦ በትሕትና «አባቴ፥ ጒዳይዎ ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል፤ ይጠብቁ» ይለዋል። ሽማግሌውም ባርኔጣውን በእጁ ይዞ «እሺ የኔ ጌታ፤ ረዘም ያለው ስንት ገበያ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ጸሐፊው ለዚህ መልስ የለውም።

የሽማግሌው ጥያቄ የሚያስቅ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን ከጸሐፊው መልስ ይልቅ የተማረ ሰው ቃል ነው። እርሱ ጊዜን የሚቈጥረው በገበያ ነው። «ሦስት ገበያ» ቢባል ወደ ቤቱ ተመልሶ ያርሳል፣ ያርማል፤ በአራተኛው ገበያ ይመጣል። «ረዘም ያለ» ከተባለ ግን ምናልባት ነገ ያልቅ ይሆናል ብሎ ነገ ይመጣል፤ ምናልባት ለሚቀጥለው ሳምንት ይሆናል ብሎ ለሚቀጥለውም ሳምንት ይመጣል። በእያንዳንዱ ምላሽ የመኪና ዋጋና የስንቅ ገንዘብ ያወጣል፤ በእርሻ ወራት የሆነ እንደ ሆነም በሬዎቹ ቆመው ይውላሉ። ባለጸጋ ሰው ጠበቃ ይዞ፣ ስልክ ደውሎ የነገሩን ልክ ያውቃል። የቃሉ ጉድለት የሚወድቀው ድኻው ላይ ነው።

ጸሐፊው ክፉ ሰው ስለ ሆነ እንዲህ ተናገረ ማለት አይደለም። መዝገቡ ወደ ሌላ ክፍል ተልኮ ይሆናል፤ የሚመለስበትንም ቀን እርሱ ራሱ አያውቅም። ነገር ግን የማያውቀውን ቀን ባይናገር እንኳ የሚያውቀውን መናገር ይችላል። «መዝገብዎ ዛሬ ወደ መሬት ክፍል ተልኳል፤ በ15 ቀን ውስጥ መልስ ይመጣል ብለን እንጠብቃለን፤ ያን ጊዜ ይምጡ፤ ባይመጣም የደረሰበትን እንነግርዎታለን» ቢለው ሽማግሌው መርቆት ይሄዳል። ይህ ንግግር ጒዳዩን በአንድ ቀን አያፋጥነውም፤ ሰውየውን ግን ከአምስትና ከስድስት ከንቱ መንገድ ያድነዋል።

በእንጅባራና በዳንግላ አገር ለዚህ ነገር ሌላ ምክንያት ይጨመርበታል። በአዊ ምድር ሁለት ቋንቋ ጐን ለጐን ይኖራሉ፤ አንዱ አማርኛ፣ ሁለተኛው በኩሽ ቋንቋዎች ወገን የሚቈጠረው አዊኛ ነው። አዊኛ በፊደላችን ተጽፎ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሕፃናት ይማሩበታል። በቤቱ አዊኛ የሚናገር ገበሬ በአማርኛ የተጻፈ ወረቀት ሲደርሰው ብዙ ጊዜ የሚያስተረጕመው ለተማረው ልጁ ወይም ለጎረቤቱ ነው። «በ30 ቀን ውስጥ» የሚለው ቃል በማናቸውም ቋንቋ ቢዞር 30 ቀን ነው። «ረዘም ላለ ጊዜ» የሚለው ግን በአስተርጓሚው አስተያየት ይወድቃል። አንዱ «ጥቂት ቆይ» ብሎ፣ ሌላው «ብዙ ቆይ» ብሎ ሊመልሰው ይችላል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 የፍርዱ ነገር በማይገባው ቋንቋ የሚካሄድበት ተከሳሽ በመንግሥት ወጪ ክርክሩ እንዲተረጐምለት ደንግጓል። አስተርጓሚው ግን ልክ የሌለውን ቃል ልክ አድርጎ ሊተረጕም አይቻለውም፤ አስቀድሞ ጸሐፊው ልኩን ሊጽፍለት ይገባል።

የመሬት ነገርም ከዚህ የራቀ አይደለም። አባቶች ርዝመትን በጣት፣ በጋት፣ በስንዝርና በክንድ፣ ከዚያም በእርምጃና በገመድ ይለኩ ነበር። የመሬቱን ስፋት ጥንድ በሬ በአንድ ቀን በሚያርሰው ልክ ጥማድ ብለው ይጠሩታል። በጐጃም ገበሬ ዘንድ የታወቀው ቃዳ ደግሞ ዛሬ የሄክታር ሩብ ተደርጎ ይቈጠራል። እነዚህ መለኪያዎች ከሰው አካልና ከበሬ ጒልበት የተወሰዱ በመሆናቸው ከሰው ወደ ሰው መለዋወጣቸው አልቀረም። ክንደ ረጅምና ክንደ አጭር አለ፤ ጨርቅ በክንድ በሚሸጥበት ዘመን ገዥ ክንደ ረጅሙን፣ ሻጭ ክንደ አጭሩን ሰው ለመለካት ቢመርጡ አያስደንቅም። ቢሆንም «ሁለት ክንድ» ማለት «ረዘም ያለ» ከማለት እጅግ ይሻላል፤ ጉድለቱ በጣት የሚቈጠር ነውና።

ይህን ጉድለት ለማጥፋት በ18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በፈረንሳይ አገር ሜትር የሚባለው መለኪያ ተደነገገ። ዓላማውም ለድኻና ለባለጸጋ፣ ለቅርብና ለሩቅ አገር ሰው አንድ ልክ እንዲሆን ነበር። ከ1983 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ወዲህም የሜትር ልክ ከማንም ሰው አካልና ከማንም ብረት ጋራ ሳይያያዝ፤ ብርሃን አንዱ ሴኮንድ ለ299,792,458 ሲከፈል ከሚደርሰው አንዱ እጅ ውስጥ በባዶ ስፍራ የሚሄደው መንገድ ሆኖ ተወሰነ። ኢትዮጵያም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1963 ባወጣችው የሚዛንና የመለኪያ አዋጅ የሜትርን ሥርዐት ተቀብላለች።

በአማራ ክልል በ1990ዎቹ ዓመታት የገጠር መሬት ምዝገባ ተጀምሮ ለገበሬው የይዞታ ደብተር ሲሰጥ፤ በመጀመሪያው ምዝገባ ብዙው መሬት በገመድና በግምት ተለክቶ፣ አዋሳኙ በምሥራቅ፣ በምዕራብ፣ በሰሜንና በደቡብ እገሌ ነው ተብሎ ይጻፍ ነበር። ጐረቤት ጐረቤቱን እስካወቀ ድረስ ይህ ሥራ ብዙ ክርክር አስቀርቷል። ባለአዋሳኙ ሲሞት፣ ልጆች ሲካፈሉ ግን «ወደ ወንዙ ረዘም ያለው ለእኔ ነው» የሚል ቃል ወንድማማችን እስከ ዳኛ ፊት ያደርሳል። በኋላ በመጣው በሁለተኛው ምዝገባ ከአየር በተነሣ ፎቶግራፍና በሳተላይት መሣሪያ እየታገዙ የመሬቱን ቅርጽ በካርታ ላይ ማኖር የተጀመረውም ለዚሁ ነው። ሹማምንት ይህን ሁሉ መሣሪያ አቅርበው፣ የመሬቱን ልክ እስከ ሜትር አውቀው ሳለ፣ በሚጽፉት ደብዳቤ ላይ ግን «ረዘም ያለው ክፍል» ብለው ቢጽፉ፤ በገመድ የለካው አባት ይበልጣቸዋል።

ቃሉን በስፍራው ስለ መወሰን ከሁሉ የተሻለው ትምህርት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ይገኛል። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ይህ ሕግ የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዛል። «ብዙ ሳይቆይ» ወይም «ረዘም ያለ ጊዜ ሳይወስድ» አላለም፤ ሰዓቱን ቈጠረው። ከተያዘበት ስፍራ እስከ ፍርድ ቤት ለሚደረገው ጒዞ ግን ቊጥር አልሰጠም፤ አግባብ ባለው ግምት የሚያስፈልገው ጊዜ ከ48ቱ ሰዓት ውጭ ነው አለ። ስለ ምን? መንገዱ ከአገር ወደ አገር ስለሚለያይ ነው። በከተማው ውስጥ የተያዘና ከሩቅ ቈላ የተያዘ ሰው መንገዳቸው አንድ አይደለም። ሕጉ ቊጥር በሚቻልበት ቊጥር፣ ግምት በማይቀርበት ግምት አኖረ፤ ግምቱንም ያለ ልጓም አልለቀቀውም፤ «አግባብ ያለው» ብሎ ዳኛ የሚመረምረው አደረገው። እንደዚሁም የፍትሐ ብሔር ሕግ በቊጥር 1845 በውል የተነሣ ክስ የሚታገድበትን ጊዜ ሲወስን በአጠቃላይ 10 ዓመት አለ እንጂ «ረዘም ያለ ጊዜ» አላለም።

ይህ የቊጥር ልማድ ከውጭ አገር የመጣ ነው የሚል ሰው ቢኖር ወደ ቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ይመልከት። የኖኅ መርከብ ቁመቱ 300፣ ወርዱ 50፣ ከፍታው 30 ክንድ እንደ ሆነ መጽሐፍ ያስተምራል፤ «ረዘም ያለ መርከብ» አላለውም። የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት መጥቅዕና አበቅቴ ሲደመሩ 30 እንዲሆኑ አድርገው፣ ከዚያ ተነሥተው አጽዋማትንና በዓላትን ሁሉ በየቀናቸው ያውላሉ። የነነዌ ጾም 3 ቀን፣ ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው የሐዋርያት ጾም ነው። ይህ ጾም ፋሲካ ቀደም ባለበት ዓመት ይረዝማል፣ ፋሲካ በዘገየበት ዓመት ያጥራል፤ ቢያንስ 15፣ ቢበዛ 49 ቀን ይሆናል። እንዲህ የሚለዋወጠውን ጾም እንኳ ሊቃውንቱ «ዘንድሮ ረዘም ያለ ነው» ብለው አልተዉትም፤ የየዓመቱን ቀን ቈጥረው ለምእመናን ይነግራሉ። ምእመኑም ስንት ቀን እንደሚጾም አውቆ ስለሚጀምር በትዕግሥት ይፈጽመዋል። የታወቀ ርዝመት ቢረዝምም ይቻላል፤ ያልታወቀ ርዝመት ግን ቢያጥርም ያስጨንቃል።

ይህ ሁሉ ሲባል «ረዘም ያለ» የሚለው ቃል ከአማርኛ ይውጣ ማለት አይደለም። ቊጥር መናገር ሐሰት የሚሆንበት ስፍራ አለ። ሐኪም ለበሽተኛው የሚድንበትን ቀን ሳያውቅ «በ20 ቀን ትነሣለህ» ከሚለው ይልቅ «ሕመሙ ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል» ቢለው እውነተኛ ነው። ሽማግሌዎች የተጣሉትን ሲያስታርቁ የዕርቁን ቀን አስቀድመው ሊቈርጡ አይችሉም። ያልታወቀውን ቊጥር እንደ ታወቀ አድርጎ መናገር ቃሉን ካለ ልክ ከመናገር የከፋ ኀጢአት ነው፤ ሰው ሐሰተኛውን ቀን አምኖ ሥራውን ሁሉ ያዘጋጃልና። በፍቅርና በሐዘን፣ በቅኔና በተረትም ቢሆን ቊጥር ብዙ ጊዜ ውበትን ይገድላል። የጨዋታ ቋንቋ ከነለስላሳነቱ ይኑር፤ ሕዝቡ ቋንቋውን የሠራው ለፍርድ ቤት ብቻ አይደለም።

እንግዲህ ብዕር የያዘ ሰው «ረዘም ያለ» ብሎ ሊጽፍ ባሰበ ጊዜ ሦስት ነገር ራሱን ቢጠይቅ መልካም ነው። አንደኛ፤ ይህ ነገር ተለክቷልን? ተለክቶ እንደ ሆነ ሜትሩን፣ ቀኑን፣ ሰዓቱን ይጻፍ። ሁለተኛ፤ ካልተለካ ከምን ጋራ ተነጻጽሮ ነው ረዘም ያለ የተባለው? «ከላይኛው ማሳ ረዘም ያለው የታችኛው ማሳ» ብሎ ቢጽፍ አንባቢው መንገድ ያገኛል። ሦስተኛ፤ ቃሉን የመረጠው ነገሩ በእውነት ስላልታወቀ ነው ወይስ የዘገየውን ሥራ ለመሸፈን ነው? ይህን ሦስተኛውን ጥያቄ ሌላ ሰው ሊመልስለት አይችልም፤ ዳኛው ኅሊናው ነው። መዝገብ በመደርደሪያ ላይ ሁለት ዓመት ተቀምጦ «ረዘም ላለ ጊዜ በመቆየቱ» ተብሎ ቢጻፍ፤ ቃሉ የማለዘብ ሥራውን ሠራ፣ ጥፋቱ ግን ተሰወረ። «2 ዓመት በመቆየቱ» ተብሎ ቢጻፍ ግን የበላይ ሹም ሲያነበው ይደነግጣል፤ መደንገጡም ለሥራው መድኃኒት ነው።

አንዳንድ ጸሐፊ ደብዳቤውን በማስረዘም ክብር የሚያገኝ ይመስለዋል፤ «ነገር ከበዛ በአህያ አይጫንም» የሚለውን የአገር ምሳሌ ግን ሊዘነጋ አይገባውም። አማርኛ ለአጭሩ ነገርም ሁለት ስም አለው። «አጠር ያለ» ከረዘም ያለ ጋራ አንድ ወገን ሆኖ ልኩ ያልታወቀ ነው። «እጥር ምጥን ያለ» ግን ከሚያጸኑት ወገን ነው፤ ማጠሩን ብቻ ሳይሆን መመጠኑንም ይናገራል። ቀኑን፣ ልኩንና የሚሠራውን ክፍል ለይቶ የያዘ አንድ ገጽ ደብዳቤ እጥር ምጥን ያለ ነው። እንዲህ ያለውን ደብዳቤ የተቀበለ ገበሬ በየትኛው ገበያ እንደሚመለስ ለማወቅ ማንንም ደጅ መጥናት አያስፈልገውም።